ጥጥ ሰባት ቤት ሲቆጠርለት

በአካባቢያችን ከተፈጸሙት ታላላቅ ሥራዎች መካከል ሳይጻፍ መቅረት የሌለበት አንድ አለ። እርሱም፣ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የጥጥ ዘር ማሻሻያ ማዕከል ባለፈው ሰኔ ጥጥን ከነውር ለማዳን ያደረገው ተጋድሎ ነው። ጥጥን ከትል ማዳን ማንም ይሞክረዋል። ጥጥን ከነውር ማዳን ግን በየትም አገር ተሞክሮ አያውቅም።

አስቀድሞ የማዕከሉን አሠራር መግለጽ ይገባል። ጥጡ ኮምቦልቻ ነው፤ ስለ ጥጡ የሚወስኑት ሰዎች ደግሞ ደሴ ናቸው። ምክንያቱ በጥናት የተደገፈ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ለጥጥ ይስማማል፤ ለኃላፊ ካፖርት ግን አይስማማም። ስለዚህ የዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ተከራይቶ ተቀመጠ። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ በበሩ ይወጣል። ደሴ ላይ ጥጥ ስለማይበቅል፣ ስለ ጥጥ ያለ አድልዎ ለመወሰን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። አንድ ወረቀት ከጥጡ ተነሥቶ ወደ ፊርማው ለመድረስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ዳገት ይወጣል። ውሳኔው በበኩሉ ቁልቁለቱን ሲወርድ አይቸኩልም።

በዚህ ማዕከል ሙና የምትባል ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ሁሉም የሚያውቁት አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ሥራዋ ይህ ነው። ሐርቡ ውስጥ ወይዘሮ ዘይቱና የሚባሉ ገበሬ በጓሯቸው ትል የማይነካው ጥጥ አላቸው። ትሉ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ነገር ግን የዚህ ጥጥ ቃጫ አጭር ስለሆነ ለትራስ ይሆናል እንጂ ገበያ አይወጣም። ማዕከሉ ደግሞ "መሻሻል ሰባት" የሚባል፣ ቃጫው ረጅም የሆነ ጥጥ አለው። እርሱን ትሉ ከሩቅ አሽትቶ ይመጣበታል። ሙና ሁለቱን አዳቀለቻቸው። ከዚያም ቡቃያ በበቀለ ቁጥር አንድ ቅጠል ቀንጥባ ዲ.ኤን.ኤ. ለሚያነበው ማሽን ትሰጠዋለች። ማሽኑም ቡቃያው ገና ሳያብብ፣ የትል መከላከያውን ከወይዘሮ ዘይቱና ጥጥ፣ ረጅሙን ቃጫ ከማዕከሉ ጥጥ መውረስ አለመውረሱን ይነግራታል። የወረሰውን ታሳድጋለች፤ ያልወረሰውን ትነቅላለች። እንዲህ እያደረገች በአምስት ዓመት አንድ ጆንያ ዘር ሞላች።

የመጀመሪያው ጆንያ ለወይዘሮ ዘይቱና እንደሚሰጥ ማዕከሉ ቃል ገብቶ ነበር። እሳቸውም ቃሉን አምነው ግማሽ ጥማድ ማሳቸውን ሦስት ጊዜ አሳርሰው ጠበቁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የዘሩትን ጥጥ ትል በልቶባቸዋል። የሟች ባላቸው ወንድም ጣሀ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ብሏቸው ነበር፦ "ዘንድሮም ጥጥ ካልበቀለበት ማሳውን ለሦስት ዓመት ለእኩል አራሽ እሰጠዋለሁ። መሬት ተስፋ አይዘራበትም።" እሳቸውም "እሺ፣ ሰኔ ሳይወጣ እዘራለሁ" ብለው ቃል ሰጡ። ስለዚህ ከዘሩና ከማሳው መካከል የቀረው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

ፊርማውን የሚፈርሙት ዋና ዳይሬክተሩ አቶ አግማስ ናቸው። አቶ አግማስ ያላነበቡት ወረቀት ላይ አይፈርሙም፤ የሚያነቡት ወረቀት ደግሞ ጥቂት ነው። ሙና የላከችውን ግን በሚያሳዝን አጋጣሚ አነበቡት። ከቅጹ መጨረሻ "የሁለቱ ወላጆች ዝምድና" የሚል ሣጥን ነበረ። ሙና በሣጥኑ ውስጥ "ዘጠና ሰባት በመቶ" ብላ ጽፋበታለች።

በማግሥቱ ሙና ደሴ ተጠርታ ወጣች። ከዳይሬክተሩ በስተቀኝ የባህልና የእሴት አማካሪው አቶ በላቸው፣ በስተግራ የመጋዘን ኃላፊው ፋሲካ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ወርቅአፈራሁ ተቀምጠው ነበር።

"ይህ ዘጠና ሰባት ምንድን ነው?" አሉ አቶ አግማስ።

"ሁለቱ ጥጦች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ነው።"

"ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው?"

"አዎ፣ በጣም ይቀራረባሉ።"

"እያወቅሽ ነው ያዳቀልሻቸው?"

ሙና ጥያቄው አልገባትም። አቶ አግማስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"በቤት ስንት ይሆናል?"

"በቤት?"

"በመቶኛ የሚቆጥር ሌላ ነው። በእኛ ባህል ዝምድና በቤት ነው የሚቆጠረው። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። እነዚህ ጥጦች ስንተኛ ቤት ናቸው?"

ሙና ማሽኑ በቤት እንደማይቆጥር ተናገረች። አቶ አግማስ ይህን የሚያህል ማሽን ቤት መቁጠር አለመቻሉ እንዳሳዘናቸው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አዘዙ። አቶ በላቸው ግን ሳይጠየቁ በወረቀት ላይ ሒሳቡን ጀምረው ነበር።

"ወንድምና እህት ግማሽ በግማሽ ይመሳሰላሉ እንበል" አሉ። "ግማሽ ማለት ሃምሳ ነው። ዘጠና ሰባት ከሃምሳ ይበልጣል። ጌታዬ፣ እነዚህ ከወንድምና ከእህትም የባሱ ናቸው!"

ፋሲካ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

"አቶ በላቸው፣ ጥጥ እኮ ነው" አለች ሙና። "በአንድ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው።"

ጉሙ እንኳን የቆመ መሰለ። ወርቅአፈራሁ እስክሪብቶዋን አንሥታ "ይህም ይጻፍ?" አለች።

"አይጻፍ!" አሉ አቶ በላቸው። "ቃለ ጉባኤ ልጆችም ሊያነቡት ይችላሉ።"

ሙና ሳይንሱን ከጅምሩ ብታስረዳ የሚሻል መሰላት። ይህ በሥራ ዘመኗ የፈጸመችው ሁለተኛው ስሕተት ነው። "ጥጥን ለሰባት ትውልድ ራሱን በራሱ ብቻ ካዳቀልነው ንጹሕ ዝርያ ይሆናል" አለች። "ንጹሕ ዝርያ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። ያምራል። ክፋቱ ግን አንድ ትል ከለመደው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሰዋል፤ አንዱን የበላ ሁሉንም መብላት ይችላልና። የወይዘሮ ዘይቱናን ጥጥ የፈለግሁት ለዚህ ነው። የሚለዩት በሦስት በመቶ ብቻ ነው። ትሉን የሚከለክለው ግን ያ ሦስት በመቶ ውስጥ ነው ያለው።"

"ይህስ ይጻፍ?" አለች ወርቅአፈራሁ።

አቶ አግማስ አሰቡበት። "ንጹሕ ዝርያ የሚለው ጥሩ ቃል ነው፤ ይጻፍ። የትሉ አይጻፍ። ስጋት ይፈጥራል።"

በዚያው ቀን መመሪያ ወጣ። ያረቀቁት አቶ በላቸው ናቸው፤ እንዲህም ይላል፦ "በማዕከሉ ሥር የሚገኝ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር፣ በማዕከሉ ሥር ከሚገኝ ሌላ ሕይወት ካለው ነገር ጋር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ያለው ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለቱ በአንድነት መቆየት፣ መሥራትና ፍሬ ማፍራት አይችሉም።"

"ጥጥ ብለን ብንጽፈው አይበቃም?" አለ ፋሲካ።

"ነገ ተልባ ቢመጣስ?" አሉ አቶ በላቸው። "ከነገ ወዲያ ሰሊጥ ቢመጣስ? የእያንዳንዱን ተክል ስም ልንዘረዝር ነው? መመሪያ ሰፊ ሲሆን ነው መመሪያ።"

ተጨበጨበ። ፋሲካ ኮምቦልቻ ወርዶ ጆንያውን በቀይ ሰም አሸገው። በላዩም "በምርመራ ላይ ያለ" የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር።

ማዕከሉ ግን በችኮላ የሚፈርድ አይደለም። ነገሩን ከሥሩ የሚያጣራ "የጥጥ ዝምድና አጣሪ ኮሚቴ" ተቋቋመ። አባላቱ ራሳቸው አቶ አግማስ፣ አቶ በላቸው፣ ፋሲካና ወርቅአፈራሁ ሲሆኑ፣ ሥራው ሕዝባዊ መልክ እንዲይዝ ከደሴው ሆጤ ሰፈር ሐጂ ሙሄዲን የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ተጨመሩ። ሐጂ በመጀመሪያው ስብሰባ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው እንዲህ አሉ፦

"ጥጥ ኒካህ አይታሰርለትም። ጆንያውን ለሴትዮዋ ስጧትና ትዝራው።"

ይህ ሐሳብ እንደ ግብዓት ተወሰደ። በማዕከሉ ቋንቋ "እንደ ግብዓት ተወሰደ" ማለት በአክብሮት ተሰምቶ በአክብሮት ተረሳ ማለት ነው። ኮሚቴው አራት ጊዜ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የጥጡን ቤት መቁጠር የሚችሉት ባለጓሮዋ ብቻ ስለሆኑ ወደ ሐርቡ እንዲወረድ ወሰነ።

ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን ሚኒባሱ ወረደ። ነጂው ኪዳኑ ይባላል። አቶ አግማስ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ሐርቡ ሲገቡ ክራባታቸውን ፈቱ። ሙና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስኮት ሰማዩን ታያለች። ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሯል።

ወይዘሮ ዘይቱና ሚኒባሱን ሲያዩ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ። ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ጣሀ ተቀምጧል። ሰኔ እስኪያልቅ በየቀኑ መጥቶ ይቀመጣል፤ ሲጠየቅ "አየሩን ነው የማየው" ይላል።

"አሰላሙ አለይኩም! እንኳን ደህና መጣችሁ!" አሉ ወይዘሮ ዘይቱና። ሁሉንም ጨበጡና ወደ ሚኒባሱ ኋላ ሄደው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። "ጆንያውስ?"

"ጆንያው በምርመራ ላይ ነው፣ እናት" አሉ አቶ አግማስ።

"ምን አደረገ?"

"እሱ ምንም አላደረገም። ወላጆቹ ናቸው።"

ወይዘሮ ዘይቱና ሙናን አዩዋት። ሙና መሬት መሬት አየች። "ያ ረቢ!" አሉ ወይዘሮ ዘይቱና። "ልጄ፣ ሦስት ቀን እኮ ነው የቀረኝ። ይኸው ጣሀ፣ ድንጋዩ ላይ ሊበቅል ነው።"

"እኔ አየሩን ነው የማየው" አለ ጣሀ ከሩቅ።

ኮሚቴው በጥላ ሥር ተቀመጠ። አቶ በላቸው በአካባቢው ሕዝብ ስም፣ በእሴቶቻችን ስም፣ በመጪው ትውልድ ስም ስለ ሰባት ቤቱ መመሪያ ንግግር ካደረጉ በኋላ ጥያቄውን አቀረቡ። ይህ የጓሮ ጥጥ ከየት መጣ? ወላጁ ማን ነው? ወንድምና እህቱስ የት አሉ?

ወይዘሮ ዘይቱና ሽማግሌ ፊት ቀርበው ትውልድ መቁጠር ልማዳቸው ነው፤ የጥጥ ተጠይቀው ግን አያውቁም። ቢሆንም እንግዳን ማሳፈር አልወደዱም።

"ይህ ከእናቴ ጓሮ ነው" አሉ። "የእናቴ ከእናቷ ነው። ወንድምና እህቱን ትሉ ጨረሰው። አንድ ግን የሄደ አለ።"

"ወዴት የሄደ?" አቶ በላቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

"እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ባርኔጣ ያደረገ የመንግሥት ሰው መጣ። ከእናቴ ጥጥ አንድ ቁና ፍሬ ወሰደ። አሻሽለን እንመልስላችኋለን ብሎ ነበር።" ትንሽ አሰቡ። "አሁን ሰባት የልጅ ልጅ አለኝ። ለመሆኑ በደህና ገባ?"

ሙና ቀና አለች። "መሻሻል ሰባት" አለች ቀስ ብላ። "መዝገቡ ላይ 'የመጣበት ቦታ ያልታወቀ፣ ምናልባት ከውጭ አገር' ነው የሚለው። የማዕከሉ ጥጥ የእርስዎ እናት ጥጥ ነው፣ እማማ። ለዚህ ነው የሚመሳሰሉት።"

እዚህ ላይ ስለ ማዕከሉ ጥቂት የምስጋና ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። አንድ ቁና ፍሬ ተቀብሎ አርባ ዓመት ሙሉ ማሻሻል ቀላል ትዕግሥት አይደለም። በእነዚህ ዓመታት ቃጫው በእርግጥ ረዝሟል። ትሉን መከላከሉን ግን እዚያው መጋዘን ረስቶታል።

አቶ በላቸው ተነሥተው ቆሙ። "ተረጋገጠ! የአንድ እናት ልጆች ናቸው!"

አቶ አግማስ በረዥሙ ተነፈሱ፤ እንደሚያዝን ሰው ሆነውም ውሳኔውን አሰሙ። ጆንያው ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለድርሻ አካላት በተገኙበት፣ ክብሩን በጠበቀ ሁኔታ ይቃጠላል።

ሙና "አምስት ዓመት!" አለች። ጣሀ ከድንጋዩ ተነሣ። "እንግዲህ እቴ ዘይቱና፣ ሰምተሻል" አለ። "እኔ ወደ አራሹ ልሂድ።"

"ቁጭ በል አንተ" አሉ ወይዘሮ ዘይቱና። "ሰኔ አልወጣም።" ከዚያም ወደ ሐጂ ሙሄዲን ዞሩ። "ሐጂ፣ ይህ ሰባት ቤት የሚሉት ለጥጥ ብቻ ነው የተጻፈው?"

ሐጂ እስከዚያ ሰዓት ድረስ መቁጠሪያቸውን ሲያንቀሳቅሱ ነበር። ወረቀቱን ከወርቅአፈራሁ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣታቸውንም በየቃሉ ላይ እያሳረፉ ጮክ ብለው አነበቡት። "ማንኛውም... ሕይወት ያለው... ነገር" ሲሉ አንድ ጊዜ ቆሙ። ወረቀቱን አዞሩት፤ ከጀርባው ምንም የለም። "ጥጥ አይልም" አሉ። "ሕይወት ያለው ነገር ነው የሚለው። መቆየትም ይላል። መሥራትም ይላል።"

"ሰፊ ነው" አሉ አቶ በላቸው በኩራት።

ወይዘሮ ዘይቱና አቶ አግማስን ትኩር ብለው አዩዋቸው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎን የማውቅዎት መሰለኝ። የእመት አትጠገብ የልጅ ልጅ አይደሉም? እዚህ ጎረቤታችን የነበሩት? ያ አፍንጫ የሳቸው ነው።"

"አዎ፣ አያቴ ናቸው" አሉ አቶ አግማስ ፈገግ ብለው። "ነፍሳቸውን ይማር።"

"ውይ! አንተ አግማስ ነህ! የጥጥ ክምራችን ላይ ሸንተህ እናቴ በአርጩሜ ያባረረችህ!" ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ለመውረድ አንድ ትንፋሽ እንኳን አልፈጀባቸውም። "ኧረ እንዴት ነህ! እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አሉ አቶ አግማስ። ፈገግታው ግን ወደ ቤቱ ተመልሷል።

"ይሄስ?" ወይዘሮ ዘይቱና ወደ ፋሲካ ጠቆሙ። "ይኸው አፍንጫ። የእህትህ የጥሩዬ ልጅ ነው አይደል? አጎትና የእህት ልጅ። ሁለት ቤት አልሞላም።" አንድ ጣት አጠፉ። "አንቺስ የኔ እመቤት?"

"ወርቅአፈራሁ" አለች ወርቅአፈራሁ፣ ማንም ሳያዛት ቃለ ጉባኤውን ዘግታ።

"የአግማስ አጎት የአበራ ልጅ! አባትሽን አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ቤት።" ሁለተኛ ጣት ታጠፈ። "ያ መኪና ላይ ያለውስ?"

"እኔ ዘመድ አይደለሁም!" አለ ኪዳኑ ከመሪው ኋላ። "የወርቅአፈራሁ ባል ብቻ ነኝ!"

"እሺ ልጄ፣ አንተ በጋብቻ ነህ። ለብቻ አስቀምጬሃለሁ።" ወደ አቶ በላቸው ዞሩ። "እርስዎ ደግሞ የእመት አትጠገብ የወንድም ልጅ ነዎት። ፍየል ሲነዱ አውቅዎታለሁ። ከአግማስ ጋር ብንቆጥረው ሦስት ቤት ነው፤ አራተኛ የደረሰ የለም።" ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። "ሰባት ቤት ስትሉኝ ሁለቱንም እጄን አዘጋጅቼ ነበር። አንዱ እንኳ ሳይሞላ ቀረ።"

ሐጂ ሙሄዲን ወረቀቱን እንደገና ከፍ አደረጉት። "በማዕከሉ ሥር የሚገኝ... ሁለቱ በአንድነት መቆየት፣ መሥራትና ፍሬ ማፍራት አይችሉም።"

ፋሲካ ደነገጠ። "ሐጂ፣ እኛ እኮ ፍሬ አላፈራንም!" አለ።

"ወላሂ፣ እሱ እውነት ነው" አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

"ሥራም አልሠራንም!" አሉ አቶ በላቸው በችኮላ። "ማንም ሊመሰክር ይችላል!"

"እሱን አልጠራጠርም" አሉ ሐጂ። "መቆየት ግን ቆይታችኋል።"

ነገሩ በዚህ ባበቃ መልካም ነበር። ወይዘሮ ዘይቱና ግን የጀመሩትን ቆጠራ ሳይጨርሱ የሚተዉ ሰው አይደሉም።

"አንቺስ ልጄ ሙና? ከነዚህ የማናቸው ነሽ?"

"የማንም አይደለሁም፣ እማማ። አባቴ የቦረና ሰው ነው፤ የሳይንት በኩል። ማዕከሉ የገባሁት በፈተና ነው።"

"በፈተና?" አሉ ሐጂ ተገርመው። "እንግዲያው በመመሪያው መሠረት ማዕከሉ ውስጥ መቆየትም፣ መሥራትም የሚፈቀድላት ለሷ ብቻ ነው።"

ይህን ጊዜ አቶ አግማስ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው በሚኒባሱ ውስጥ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ በዚያ ሙቀት ተካሄደ። ሙናና ሐጂ አልተጠሩም። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ለአንድ የእርሳስ መቅረጫ ግዢ ዘጠኝ ወር የወሰደ ማዕከል በአሥራ አንድ ደቂቃ አንድ መመሪያ ሽሮ ሌላ አወጣ። በታሪኩ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ታይቶ አይታወቅም።

አቶ አግማስ ፊታቸውን በክራባታቸው እየጠረጉ ወረዱና አዲሱን መመሪያ አነበቡ። "ዝምድና የመስማማት ምንጭ መሆኑ በመስክ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ በማዕከሉ ሥር የሚገኝ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዲዛመድ ይበረታታል።" ቀጥለውም ጥጡ ይህን ታላቅ መርሕ ከሁሉም ቀድሞ ያሳየ ፈር ቀዳጅ ተክል ስለሆነ ጆንያው በአስቸኳይ እንዲለቀቅ አዘዙ። ኪዳኑና ፋሲካ ወደ ኮምቦልቻ በረሩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጆንያውን ይዘው ተመለሱ፤ በዚያውም "ዝምድና ለልማት!" የሚል የተጻፈበት ጨርቅ አምጥተው በአጥሩ ላይ ወጠሩት። ወይዘሮ ዘይቱና ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ናይሎን ነው" አሉና ተዉት።

አቶ አግማስ ሰሙን በገዛ እጃቸው ሰብረው ጆንያውን ከፈቱ። ፎቶ ተነሡ። ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወረቀታቸው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሲደገም ኮሚቴው በሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ ነበር። ሐጂ ሙሄዲን ብቻ ከጥላው ሥር ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ከዚያ እሳቸውም ገቡ።

ጣሀ ማሳው ዳር ቆሞ ሰማዩን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ ሱሪውን አራገፈ።

"በሬዎቹን ላምጣ?" አለ።

"ምን ትጠይቀኛለህ? ሩጥ!" አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

ሙና ሚኒባሱ ውስጥ አልገባችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ዘሩን በወይዘሮ ዘይቱና ነጠላ ቋጥራ ከበሬዎቹ ኋላ ተከተለች።

"እማማ" አለች ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ "እኔና እርስዎስ ስንተኛ ቤት እንሆን?"

"ተይኝ አሁን፣ ሌላ ጊዜ እንቆጥራለን። አታርቂው፣ አጠገብ ለአጠገብ ጣይው።"

የቀረው አጭር ነው። በነሐሴ ለሙና ደብዳቤ ደረሳት። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ከማንኛውም የማዕከሉ ሠራተኛ ጋር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የሌላት መሆኑ ስለተረጋገጠና ይህም የመስማማት ችግር ስለሚያስከትል፣ ማዕከሉ ላበረከተችው አስተዋፅኦ አመስግኖ አሰናበታት። እርሷም ደብዳቤውን ይዛ ሐርቡ ወረደች። ወይዘሮ ዘይቱና ማንበብ ስለማይችሉ አነበበችላቸው።

"እሰይ" አሉ። "አረም ደርሶ ሰው አጥቼ ነበር።"

በኅዳር ትሉ መጣ። የጎረቤቶቹን ማሳ በላ። ከወይዘሮ ዘይቱና ማሳ ዳር ደረሰ፣ ቆመ፣ አየ፣ ተመለሰ። ጣሀ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ስለነበር "ወደ ዳገቱ በኩል ሲሄድ ነው የመጨረሻ ያየሁት" ብሏል። ወዴት እንደገባ አልታወቀም።

በዚያው ወር ማዕከሉ ደሴ ላይ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርቱን አቀረበ። አቶ አግማስ እንዳስረዱት፣ በሙና ምትክ የአቶ በላቸው ታናሽ ልጅ ከተቀጠረ ወዲህ የሠራተኞች መመሳሰል ዘጠና ሰባት በመቶ ደርሷል። በዚህም ማዕከሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን የመጀመሪያውን ንጹሕ ዝርያ ለማስመዝገብ በቅቷል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ንጹሕ ዝርያ የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው የተገኘ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ስለ ትሉ የተባለው ግን ስላልተጻፈ፣ የሚያስታውስ አልነበረም።